34 መጻሕፍት በአንድ ዓመት? ስለ አመፅና እምቢተኝነት ለማንበብ ላቀደ አንባቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ስለ ዘመናዊ አመፅና እምቢተኝነት በራሴ ዕቅድ ለማንበብ ወስኜ ከፈረንሳይ አብዮት እስከ አረቡ ዓለም አብዮት ድረስ 34 መጻሕፍት መዘገብኩ። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ከቴሌግራም ያወረድኳቸው ፒዲኤፎች ናቸው። ሦስት ወር አለፈኝ፤ ሁለቱን ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ማታ ማታ ትንሽ ጊዜ አለኝ፣ እሑድ ደግሞ ሰፋ ይላል። ከንድፈ ሐሳብ ልጀምር ወይስ ከታሪክ? ልብ ወለድስ ይቆጠራል? የአርበኞችን ታሪክ ስለማውቀው ዘልዬዋለሁ። ሁለት ጓደኞቼም አብረን እናንብብ ብለውኛል፤ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ዕቅድዎ የቆመው በስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማያስኬድ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የታሪክ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ማስታወሻ እየያዘ በሰዓት 15 ገጽ ከሄደ ጥሩ ሄዷል። በሳምንት 5 ሰዓት ቢያገኙ 75 ገጽ ይሆናል። 34 መጻሕፍት አንዱ በአማካይ 300 ገጽ ቢሆን 10,200 ገጽ ነው፤ ይህን በ75 ቢያካፍሉት 136 ሳምንት፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይወስዳል። ያውም በዓል፣ ሕመም፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርትና ለቅሶ ሳይቆጠር። በዓመት ውስጥ በትክክል የሚነበብባቸውን ሳምንታት 40 ያድርጓቸው፤ 3,000 ገጽ፣ ማለትም 10 መጽሐፍ ይደርሳል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ለድንገተኛ ይቅሩ። ስለዚህ ስለ 8 መጻሕፍት እንነጋገር።

ከቁጥሩ የባሰው ችግር ግን ዝርዝሩ ጥያቄ የሌለው መሆኑ ነው። «አመፅ» ብቻውን የማንበቢያ አቅጣጫ አይሰጥም፤ የዓለም ታሪክ ግማሹ አመፅ ነውና። ጥያቄ የሌለው አንባቢ የትኛውን ምዕራፍ መዝለል እንደሚችል ስለማያውቅ ሁሉንም እኩል ለማንበብ ይሞክርና በገጽ 60 ላይ ይቆማል። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። እኔ የምመክርዎ ይህን ነው፦ ትናንት ሲገብር የነበረ ገበሬ ዛሬ «አልከፍልም» የሚለው ምን ሲነካበት ነው? መንግሥትስ የሚያጠቃው መቼ፣ የሚለሳለሰው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ በአንድ አገር ተጀምሮ በሌላ አገር ሊፈተን የሚችል ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ መጀመሪያው ደጅዎ ላይ አለ።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 255 ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ጣለ። አሥራት ቀርቶ የእያንዳንዱ አራሽ የዓመት ምርት ተገምቶ ግብር እንዲከፈል ነበር ሐሳቡ። በወረቀት ሲታይ ከአሥራት የተሻለና የተመዛዘነ ሥርዓት ይመስላል። ጎጃም ላይ ግን ገማቾች መጡ ማለት መሬት ሊለካ ነው ማለት ነበር፤ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስት ከትውልድ ሐረግ ወጥቶ በመንግሥት መዝገብ ሊገባ ነው ተብሎ ተፈራ። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1930ዎቹ በተደነገገው የመሬት ግብር ላይም ጎጃም ተነሥቶ ነበር። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ አስተዳደር ያስመረረው ሕዝብ ነበር። ሞጣና ቢቸና ገማቾችን አላስገባም አሉ፤ ነገሩም ወደ መሣሪያ ዞረ። መንግሥት ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን ገዥው ተነሡ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም እንደታሰበው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ይህን ጉዳይ መነሻ እንዲያደርጉ የምገፋፋዎ በቅርበቱ ብቻ አይደለም። ብዙ አንባቢ አመፅን መንግሥት ለመለወጥ የሚደረግ ትግል አድርጎ ብቻ ያየዋል፤ የጎጃም ገበሬ ግን ንጉሡን አላወርድም ብሎ፣ እንዲያውም በንጉሡ ስም አቤት እያለ፣ የያዘውን ላለመነጠቅ ተዋጋ፤ ያልፈለገውንም ግብር አስቀረ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ ነበር፤ መፈክሩ በየካቲት 1957 ዓ.ም. በሰልፍ ወጥቷል። ሁለቱን አንድ ንቅናቄ አድርጎ ማንበብ ከባድ ስሕተት ነው። ተማሪው ያሰበው የደቡቡን ጭሰኛ፣ መሬቱ የሌላ ሰው የሆነውን አራሽ ነበር፤ የጎጃሙ ባለርስት ግን መሬቱ የእኔ ነው፣ አትንኩብኝ ነበር የሚለው። አንዱ ሥርዓቱ ይፍረስ ሲል ሌላው የቆየው ሥርዓት አይነካብኝ አለ። ሁለቱም ግን ያንኑ መንግሥት አዳክመዋል። እንዴት? ይህን ለራስዎ መመለስ ከቻሉ ከዓመቱ ንባብ ትልቁን ድርሻ አግኝተዋል።

መጻሕፍቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ይያዙ። የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ እትም ከ1855 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያለውን ይሸፍናል፤ ሁለተኛው እትም እስከ 1991 ይዘልቃል። በአማርኛም ተተርጉሞ ታትሟልና ከእንግሊዝኛው ጋር አይታገሉ። ሙሉውን ማንበብ የለብዎትም፤ ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ እስከ አብዮቱ ያለውን ያንብቡ፤ የቀረውን እንደ መዝገበ ቃላት ይጠቀሙበት። ቀጥሎ የገብሩ ታረቀን «ፓወር ኤንድ ፕሮቴስት» ያንብቡ። በ1991 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው ይህ መጽሐፍ ሦስት የገበሬ አመፆችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመረምራል፦ የ1943ቱን የትግራይ፣ ከ1963 እስከ 1970 የቆየውን የባሌ፣ የ1968ቱን የጎጃም፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከጎጃሙ ምዕራፍ ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ባሌው፣ በመጨረሻ ወደ ትግራዩ ይሂዱ። የንድፈ ሐሳቡን መግቢያ ከሁሉ በኋላ ያንብቡት፤ ሦስቱን ጉዳዮች ካወቁ በኋላ የሚከብድ አይሆንም። የባሌውን ከጎጃሙ ጋር ሲያነጻጽሩ በባሌ የግብርና የመሬት ቅሬታ ከሃይማኖትና ከብሔር ጥያቄ ጋር ተጋምዶ፣ ከሶማሊያም ድጋፍ አግኝቶ ለዓመታት እንደቆየ ያያሉ። የትግራዩ ላይ ደግሞ መቀሌ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደብድባለች። ሦስት አመፆች፣ አንድ መንግሥት፣ ሦስት የተለያዩ ፍጻሜዎች ናቸው።

አርበኞችን «ስለማውቀው ዘለልኩ» ያሉት ላይ አልስማማም። አብዛኞቻችን የምናውቀው ፉከራውን፣ ቀረርቶውንና በየዓመቱ በበዓሉ ቀን የሚነገረውን ነው። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ ሳለ ከነፃነት በኋላ በአመፅ ተከሶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በሌላ በኩል የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከወራሪው ጋር አበሩ። አርበኝነትና አመፅ በምን ያህል ቀጭን መስመር እንደሚለያዩ፣ መስመሩንም የሚያሰምረው አሸናፊው መንግሥት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አያገኙም። ለዚህ ክፍል የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ይውሰዱ፤ ጎጃም ተወልደው በጦርነቱ ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩ ሰው የጻፉት ነው። የጣና ሰሜን ዳርቻ ምን እንደነበር ለማየት የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» ይጨመር። ሁለቱም የተሳታፊ ጽሑፎች ናቸው፤ ጸሐፊው ዓይኑ ያየውን፣ የሰማውንና በኋላ የደመደመውን በየገጹ መለየት የእርስዎ ሥራ ነው። ሽፍትነትን ደግሞ ከወንጀል ጋር ብቻ አያያይዙት፤ የቋራው ካሣ ሽፍታ ነበር፣ በ1847 ዓ.ም. ነገሠ።

ልብ ወለድ ይቆጠራል ወይ ላሉት፦ ይቆጠራል፣ ግን በሌላ መዝገብ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ከጎጃሙ አመፅ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለድግስና ለበዓል የሚያስመጡት መታያ (እጅ መንሻ)፣ ገበሬው ከልማድ ውጭ የሆነውን አንሰጥም ማለቱ፣ አበጀ በለው የሚመራው ንቅናቄ፣ እነዚህ ሁሉ ገበሬ ከባላባት ጋር የነበረውን ግንኙነት ከውስጥ ያሳያሉ። ለየት አድርገው የሚያስተውሉት ነገር ቢኖር ገበሬዎቹ የሚከራከሩት ስለ ግብሩ መብዛት ብቻ ሳይሆን «ልማዱ ይህ አይደለም» በሚል መሆኑን ነው። ያንኑ ክርክር የጎጃሙ ምዕራፍ ላይ በእውነተኛ ሰዎች አፍ ያገኙታል። ሆኖም ከልብ ወለዱ ቀን፣ ቁጥርና ድርጊት ወስደው እንደ ማስረጃ አይመዝግቡ።

ንድፈ ሐሳብ የዓመቱ ሦስተኛ ሩብ ላይ ይግባ እንጂ መጀመሪያ አይሁን። ጉዳይ ሳይዝ ንድፈ ሐሳብ የሚያነብ ሰው ቃላቱን ያጠናል እንጂ ሊሞግታቸው አይችልም። እዚህ ላይ ሁለት መጻሕፍት ይበቁዎታል። አንደኛው የጄምስ ስኮት «ዌፐንስ ኦቭ ዘ ዊክ» ነው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በማሌዥያ ከዳህ ግዛት በአንድ የሩዝ አብቃይ መንደር ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ሥራ መለገም፣ ማድበስበስ፣ አላየሁም አልሰማሁም ማለት፣ ሐሜት፣ እህል መደበቅ፣ እነዚህ መሣሪያ ያልያዘ ሰው የእምቢተኝነት መንገዶች መሆናቸውን ያስረዳል። የአሥራት ሰብሳቢ ሲመጣ ክምሩን አሳንሶ ያሳየ ገበሬ ያለበት አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገደቡ ግን ይታወቅ፦ ሁሉን ነገር እምቢተኝነት ካልነው ምንም ነገር እምቢተኝነት አይሆንም፤ ድካምና ስንፍናም አለ።

ሁለተኛው የኤሪካ ቼኖወዝና የማሪያ ስቴፈን «ዋይ ሲቪል ሬዚስታንስ ወርክስ» (2011 እ.ኤ.አ.) ነው። ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን ቆጥረው ከሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ ከትጥቅ ትግሎቹ 26 በመቶ ግባቸውን እንደመቱ ያሳያሉ። ይህ ቁጥር በየንግግሩ ይጠቀሳል፤ ምን እንደተቆጠረ ግን ብዙዎች አይጠይቁም። የገቡት ዘመቻዎች ከ1,000 ሰው በላይ የተሳተፈባቸው ሆነው መንግሥትን መጣልን፣ ወራሪን ማስወጣትን ወይም መገንጠልን ግብ ያደረጉ ናቸው። ስለዚህ የጎጃሙ ዓይነት የግብር አመፅ በመስፈርቱ ራሱ ከቆጠራው ውጭ ይወድቃል፤ ግቡን የመታ ቢሆንም። ይህን ካስተዋሉ መጽሐፉን አይጥሉትም፣ በልኩ ይጠቀሙበታል። ለማነጻጸሪያ ጋንዲ በመጋቢትና ሚያዝያ 1930 እ.ኤ.አ. ከሳባርማቲ እስከ ዳንዲ 24 ቀን የተጓዘበትን የጨው ሰልፍ ያንብቡ። ያም የግብር እምቢተኝነት ነው፤ ጋንዲ ግን ግብሩን ለማስቀረት ሳይሆን በግብሩ በኩል መላውን የእንግሊዝ ገዥነት ለመሞገት ተጠቀመበት።

የመጨረሻው ሩብ ለ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ለተማሪው ንቅናቄና ለ1966ቱ አብዮት ይሁን። የባሕሩ ዘውዴ «ዘ ክዌስት ፎር ሶሻሊስት ዩቶፒያ» የተማሪውን ንቅናቄ በሰነድ ይዞ ይተርካል። ከጎኑ አንድ የተሳታፊ ማስታወሻ ያድርጉ፤ የሕይወት ተፈራን «ታወር ኢን ዘ ስካይ» እመርጣለሁ፤ የኢሕአፓ ድርጅት አባል የነበረች ሴት የጻፈችው በመሆኑ ከወንዶቹ ማስታወሻ የማናገኘውን ያሳያል። ከዚህ ጋር ቆጠራችን ሞላ። 1983 ዓ.ም. ላይ ይቁሙ። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ በተለይም አሁን በዙሪያችን ያለውን ግጭት፣ በዚህ ዙር አይጨምሩት። ጸሐፊዎቹ ገና ከትግሉ አልወጡም፣ ሰነዱ አልተከፈተም፤ ሐዘኑም ትኩስ ነው። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና ድርጊት በማስታወሻ ደብተር ማስፈር ደግሞ ለእነሱም ለእርስዎም አደጋ አለው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልናገር፤ ዘመን አቆጣጠር። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም በእኛና በፈረንጅ ዘመን መካከል ያለው ልዩነት 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። የግብር አዋጁ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ኖቬምበር 1967 ተብሎ ይገኛል፤ 8 የቀነሰ ሰው 1959 ብሎ ይጽፋል። አመፁ 1968 ስለተባለ 1960 ይሆናል። በዚህ ስሌት አዋጁና አመፁ አንድ ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ሁለቱም በ1960 ዓ.ም. ውስጥ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ወራት ብቻ ነው። ሕዝቡ ዓመት ሙሉ ታግሦ ተነሣ ማለትና አዋጁ እንደደረሰ ተነሣ ማለት ፈጽሞ የተለያየ ትርጉም አላቸው። ስለዚህ የደብተርዎን ገጽ በአምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቦታ፣ ቅሬታው ምን እንደነበረና ማን እንዳነሣው፣ መንግሥት ያደረገው፣ የመጽሐፉ ስምና ገጽ። ገጽ ያልተጻፈበት ማስታወሻ ከስድስት ወር በኋላ አይጠቅምም። ከአንድ ምዕራፍ ከአምስት መስመር በላይ አይጻፉ፤ የበለጠ ከጻፉ እየገለበጡ ነው።

መጽሐፍ ፍለጋ ላይ ስሙን በሁለት መንገድ ይፈልጉ። የእኛ ጸሐፊዎች አንዳንዴ በራሳቸው ስም፣ አንዳንዴ በአባት ስም ይመዘገባሉ፤ ባሕሩ በ«ባ» ካጡት በ«ዘ» ይዩ። በላቲን ፊደል ጎጃም በአንድ «ጄ»ም በሁለትም ይጻፋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኩል ፔዳ ግቢ የታሪክ ትምህርት ክፍል ስላለ ከዚያ ይጀምሩ፤ የውጭ ሰው ለማንበብ ከመሥሪያ ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ሊጠየቅ ስለሚችል ይዘው ይሂዱ፤ ሲገቡም የመመረቂያ ጽሑፎች የት እንደሚቀመጡ ይጠይቁ። ስለ አንድ ወረዳ ከማንም የበለጠ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ያልታተመ የማስተርስ ጽሑፍ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተም ስለነበር አዋጅ ቁጥር 255ን ራሱን አግኝተው ያንብቡ፤ ገበሬው የተቆጣበትን ጽሑፍ ራስዎ ሳያዩ ስለ ቁጣው አይፍረዱ። አዲስ አበባ ሲሄዱ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) የ1960ውን አዲስ ዘመን ይጠይቁ፤ ጋዜጣው ዝም ያለበትን ወር መመዝገብ የጻፈበትን ያህል ይጠቅማል።

የቴሌግራም ፒዲኤፎችን በተመለከተ፣ አሳታሚው፣ የታተመበት ዓመትና እትሙ የሌለበትን ፋይል ያጥፉት። ገጽ የጎደለው፣ ሁለት እትም የተቀላቀለበት፣ የግርጌ ማስታወሻው የተቆረጠ ብዙ ነው፤ የደራሲና የአሳታሚ መብትም አለበት። መብራት በሚጠፋበት ማታ ስልክ ላይ ማንበብ ደግሞ ዓይንና ባትሪ ይጨርሳል። ከስምንቱ ቢያንስ አራቱን በወረቀት ይያዙ።

ሽማግሌ መጠየቅ ቢያምርዎት ሁለቱን የመጀመሪያ መጻሕፍት ሳይጨርሱ አይሂዱ። በ1960 የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 75 ግድም ነው፤ ጊዜው እያለቀ ነውና ጨርሶ አይተዉት። «ሸፍተው ነበር ወይ?» ብለው አይጀምሩ። «ገማቾቹ ሲመጡ አባትዎ ምን አሉ? አሥራት ስንት ቁና ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ሳያስፈቅዱ ድምፅ አይቅዱ።

ጓደኞችዎን በሚመለከት፣ አብራችሁ አንብቡ፤ ግን ሦስታችሁም አንድ መጽሐፍ አታንብቡ። እርስዎ የጎጃሙን ምዕራፍ ሲይዙ አንዱ የባሌውን፣ ሌላው የትግራዩን ይያዝ። በየ15 ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ለሁላችሁም በሚመች ሰዓት ተገናኙ፤ እያንዳንዱ ደብተሩን ዘርግቶ አምስቱን ዓምዶች ያንብብ። ክርክሩ «መንግሥት መቼ ለሰለሰ?» ከሚለው ከወጣ መልሱት። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሳያነብ የመጣ ሰው ካለ ቀጠሮውን አታራዝሙለት፤ የቀራችሁት ቀጥሉ።